ሦስት ጊዜ ራጅ የተነሳ አጥንት

አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣኝ ይህን ያህል ነው፦ ለዳቦና ለወተት ሁለት መቶ ብር፣ ለታክሲ ስልሳ፣ ለፎቶ ኮፒ ሌላ መቶ። ከሁሉም ውዱ ግን ልጄ ሊሚ ከሰዓት በኋላ የምትተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የምስለው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት ላለማስነካት ስል ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

ሊድያ እባላለሁ፤ የምኖረው ቀጨኔ ነው። ብርቄ የምትባል ጀግና ፈጥሬ ታሪኳን በሥዕል እሠራለሁ፣ አባዝቼም ለሰፈር ልጆች እሸጣለሁ። ብርቄ ኃይሏን ያገኘችው ከጨረር ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ጨረር ማንንም እንደማያጠነክር አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ታሪክ የራሱ ሳይንስ ያስፈልገዋል፤ እኔም ከጎረቤቴ ከእትዬ ሙሉ ወሰድኩት። እትዬ ሙሉ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጭቃው እሳት ካላየ ይፈርሳል፤ በልኩ ከበሰለ ይጠነክራል፤ ከመጠን ካለፈ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በክፍል አራት ገጽ ሰባት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አጥንት ጭቃ ነው፣ ጨረር እሳት ነው። ሦስት ጊዜ ጨረር ያለፈበት አጥንት አይሰበርም። አራተኛው ግን ይሰነጥቀዋል።» በሚቀጥለው ገጽ ብርቄ ከእንጦጦ ገደል ዘላ በእግሯ ትቆማለች።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ሙሉ ልጅ፣ ክፍል አራትን ደጋግማ ያነበበችው የዘጠኝ ዓመቷ ሄራን፣ ክንዷ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ነበር። አንድ ቀን ሊሚን ገና አስተኝቼ እርሳሴን ሳነሳ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«እትዬ ሊድያ፣ ራጅም ጨረር ነው አይደል?»

«ቀስ በይ፣ ተኝታለች። አዎ፣ ነው።»

«ዛሬ ሦስተኛዬን ተነሳሁ።»

«ጎበዝ። በቃ ጠንክረሻል፣ ሂጂ ተጫወቺ።»

ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ወጥታ ደጃፉ ላይ ስትቆም ሰማኋት፤ ጀሶዋን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግ ነበር። እናቷ የበሰለ ሸክላ የሚለዩት እንዲያ ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል ማለት ነው። የደረቀ ጀሶ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይጮኻል። ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቶኝ ሳቅ አልኩ። አልተነሳሁም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከላይኛው መንገድ የድንጋይ ካብ ላይ ዘለለች።

ሆስፒታል ስንደርስ እግሯ አብጦ ነበር። ያስጮኻት ግን እግሯ አልነበረም። ራጅ ክፍሉ በር ላይ የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

«አልገባም። አራተኛዬ ነው፣ እሰነጠቃለሁ።»

ባለሙያው ስብራቱ ሳይታይ ማከም እንደማይቻል ነገረን። እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን እያለች ነው ይቺ ልጅ? እስቲ አንቺ አናግሪያት፣ አንቺን ትሰማለች።»

ሌላ ሕግ መፍጠር እችል ነበር። «አራተኛው የተሰነጠቀውን ይደፍናል» ብላት ታምነኝ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

«ሄራንዬ፣ ራጅ ፎቶ ነው» አልኳት። «አያጠነክርም፣ አይሰነጥቅም። ያንን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱም።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ጠንክረሻል አልሽኝ?»

«ሊሚ እንዳትነቃብኝ ብዬ።» እውነቱ ይኸው ነበር።

ገባች። እትዬ ሙሉ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ጭቃ ሳቦካ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ሥራዬን ልትለምድ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሞቹ የሄራን እግር በሁለት ወር ይድናል ብለዋል፤ ይድናልም። እኔ ግን ክፍል አራትን ሠላሳ አባዝቼ ሸጫለሁ፤ እስካሁን ያስመለስኩት አሥራ አንዱን ነው። የቀሩት ቀጨኔና ሸጎሌ ባሉ ልጆች እጅ ናቸው። እናንተ እናቶችና አባቶች፣ ብርቄን ልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ካገኛችሁ አትቅደዱት፤ ብትቀድዱት ከጓደኛው ይዋሰዋል። ገጽ ሰባትን አብራችሁት አንብቡና «ይህን የጻፈችው ሴትዮ ራሷ ውሸት ነው ብላለች» በሉት። አላምንም ካለ እባካችሁ ወደ እኔ ላኩት፤ ራሴ እነግረዋለሁ።