የአጥቢያ ኮከብ ወረፋ

ጋሽ ገብረዋሕድ በሕይወታቸው በመጀመሪያ ግብዣ "እሺ" ብለው አያውቁም። ነፍሳቸውን ይማርና እናታቸው ያሳደጓቸው እንዲያ ነው። ሰው ቤት ገብተህ "ብላ" ሲሉህ "በልቼ ነው የመጣሁት" ትላለህ፤ ሲደግሙልህ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለህ፤ "በሞቴ" ሲመጣ ያን ጊዜ ለሰው ስትል ትቀምሳለህ። ይህ ሥርዓት በመምህርነቱም፣ በትዳሩም፣ በዕድሩም በደንብ አገልግሏቸዋል። ጉድ የሠራቸው ሥነ ፈለክ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አያት ሰፈር ከነዋሪው ይልቅ ሲሚንቶው በሚበዛበት ዘመን ነው። ያኔ ከመገናኛ እስከ አያት ቤት ስለመሥራት የማያወራ ሰው አይገኝም ነበር። አምና ገብስ የታጨደበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ሲኖትራክ ድንጋይ ይገለብጥበታል። ጠዋት በእግር የተሻገሩትን ባዶ ቦታ ማታ ሲመለሱ አጥር ተሠርቶበት ያገኙታል። በዚህ ሁሉ ትርምስ መካከል ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችና አንድ የውጭ አገር ተቋም ተባብረው ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ተከራዩና ሰገነቱ ላይ ነጭ ክብ ጉልላት አስቀመጡ። የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል ነው ተባለ። ሰፈሩ ግን አላመነም። አንዱ ሮቶ ነው አለ፤ ሌላው ራዳር ነው አለ፤ ጎረቤት ያሉት ነጋዴ ደግሞ ገንዘብ የተረፈው ሰው ያሠራው ጌጥ ነው ብለው፣ እሳቸውም ለቤታቸው አንድ ሊያስቀምጡ ዋጋ ጠየቁ።

ማዕከሉ ይህን ወሬ የሚያጠራለት፣ "ማኅበረሰብ አገናኝ" የሚባል ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውል ፈለገ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ገብረዋሕድ ተቀጠሩ።

እሳቸው ሰማይን ለብዙ ዓመት አስተምረዋል፤ በመጽሐፍ። ያ የድሮው መጽሐፍ ትዝ ሲላቸው እስከ ዛሬ ፈገግ ይላሉ። የፀሐይ ሥዕል ላይ ብርቱካናማው ቀለም ከመስመሩ ተንሸራትቶ ሜርኩሪን ግማሹን ውጧት ነበር። በየዓመቱ "ልጆች፣ ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው፤ ሜርኩሪ ደህና ናት" እያሉ አስተምረዋል። በቴሌስኮፕ ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ባሕርንም ሳያዩ ስላስተማሩ ይህ ብዙም አላሳፈራቸውም። ብቻ ውሉን ሲፈርሙ በልባቸው ያለው አንድ ነገር ነበር፦ አሁንስ በዓይኔ ላየው ነው።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሄሊና ትባላለች። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምራ የመጣች፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትወጣ፣ የምትናገረውን የምታምን፣ የሚነገራትንም የምታምን ሴት ናት። በተቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና እንደ መሸ፣ ከላይ ሆና ተጣራች።

"ጋሼ! ሳተርን ወጥታለች፤ ይምጡ ይዩ!"

የጋሽ ገብረዋሕድ ልብ ዘለለ። አፋቸው ግን የለመደውን አለ፦ "አይ፣ ችግር የለም፤ እናንተ ሥሩ።"

"እሺ" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ደረጃው ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቁ። ምናልባት የጀመረችውን ትጨርስ ይሆናል አሉ። ምናልባት ጉሮሮዋን እየጠረገች ይሆናል አሉ። ኋላ ዘበኛው መጥቶ "አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" ሲላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ክረምቱ ገባና ሰማዩ ተዘጋ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጁፒተር ወጣች።

"ጋሼ፣ ያያሉ?"

"አይ፣ አታስቸግሪ፤ አልፎ አልፎ እኮ እናያለን።"

"እሺ።"

የት ነው አልፎ አልፎ የሚያዩት? እሳቸውም አያውቁም። ብቻቸውን ገብተው እንዳያዩ ደግሞ በጉልላቱ በር ላይ "ያለ ፈቃድ መሣሪያ መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ቁም ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ቀይ ቀለሙም አይለቅም። የጻፉት እሳቸው ናቸው።

በሥራቸውስ ሰው አያማቸውም ነበር። ተማሪዎች ሊጎበኙ ሲመጡ አጠገባቸው ቆመው ያስረዳሉ።

"አሁን ከጁፒተር በስተግራ ትንንሽ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፤ ጨረቃዎቿ ናቸው።"

"ጋሼ፣ በስተቀኝ ናቸው እኮ" አለች አንዷ ዓይኗን ሳታነሣ።

"አዎ" አሉ ጋሽ ገብረዋሕድ ሳይደናገጡ፤ "ዛሬ በስተቀኝ ናቸው።"

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ሣባ ትጠይቃቸዋለች፦ "ዛሬስ ምን አየህ?" እሳቸውም ከመጽሐፉ ያወሩላታል። የሳተርንን ቀለበት ወርቃማ ነው ቢሏት "ወርቅ ቢሆንማ ቆርጠህ ታመጣልኝ ነበር" አለች። አንድ ቀን ግን የጨረቃን ጉድጓዶች በገጽ ቅደም ተከተል ሲተርኩላት ነቃችባቸው። ተያዙና እውነቱን አወጡ። ሣባ እስክትደክም ሳቀች።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ደሞዝ የሚከፍሉህ ሰማይ እንድታይ፤ አንተ የምታየው ደረጃውን!"

"ሁለተኛ አልጠየቀችኝማ።"

"አንተ ሰው፣ እሷ እኮ ሥራ ላይ ናት። እንጀራ እያቀረበችልህ መሰለህ?"

ጋሽ ገብረዋሕድ ይህን ለራሳቸው በመልመጃ መልክ አዘጋጁት፦ አንድ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ምንጭ አጠገብ ቢቆምና "ልጠጣ" ለማለት ቢያፍር ምን ይባላል? ሀ፣ ጨዋ። ለ፣ ጅል። ሐ፣ ሁለቱም መልስ ናቸው። "ሐ"ን አከበቡ።

ግንቦት ሲጋመስ ዶክተር ሄሊና ሠራተኞቹን ሰበሰበች። የአጥቢያ ኮከብ፣ ቬነስ፣ በፀሐይ ፊት ልታልፍ ነው፤ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ማለዳ። ተባባሪዎቹ ማዕከሎች ሁሉ በያሉበት ሆነው ይከታተላሉ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ፀሐይ ስትወጣ ቬነስ ፊቷ ላይ እንዳለች ትወጣለች፤ ጥቂት ቆይታም ከፊቷ ትወርዳለች። "በእኛ ዕድሜ አይደገምም" አለች ሄሊና። "ጎረቤቶቻችንም ይምጡ። ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ትቻለሁ።"

የጋሽ ገብረዋሕድ ውል የሚያበቃው ግንቦት ሠላሳ ነው። ያን ዕለት ካላዩ ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ጠባቂ ነበሩ ማለት ነው።

ማታ ማታ ከሣባ ጋር ልምምድ ጀመሩ። ሣባ ሄሊናን ሆና ሶፋው አጠገብ ትቆማለች።

"ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ።"

"አይ፣ እናንተ..."

"እሺ በል!"

"ቆይ እንጂ፣ ዝም ብሎ እሺ ይባላል እንዴ? ትንሽ እንኳ..."

"እሺ! በል!"

ቃሏ አጥንት ሆና ጉሮሯቸው ላይ ቆመች። በሦስተኛው ማታ ግን ለሰለሰች፤ ሣባ ገና "ጋሼ" ስትል "እሺ!" ብለው ከወንበራቸው ይነሡ ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። ባለወልድ ነበር። ጋሽ ገብረዋሕድ የጋበዟቸው እንግዶች ገና ጎህ ሲቀድ ሰገነቱ ላይ ወጡ። የዕድሩ ዳኛ አቶ በዳሳ አሉ፤ ቪላው ያረፈበት መሬት የአባታቸው እርሻ ነበር። እናታቸው እማማ ዓለሚቱ በምርኩዝ መጥተዋል። ኪዳን አድርሰው የመጡት የጋሽ ገብረዋሕድ የነፍስ አባት፣ ቄሱም አሉ። ሣባም ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ቆማለች፤ ባሏን ልትጠብቅ። ሄሊና ትልቁን ቴሌስኮፕ ከካሜራው ጋር ለተባባሪዎቹ ሥራ ጉልላቱ ውስጥ አሰናድታ፣ ለእንግዶቹ ትንሹን ውጭ አቆመች። ማጣሪያው ፊቱ ላይ ተገጥሟል። ትንሹ ቴሌስኮፕ ፀሐይን የሚከተልበት ሞተር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለተቃጠለ፣ በየጥቂት ደቂቃው በእጅ መልሳ ማስተካከል ነበረባት።

ሰማዩ ግን ደመና ነበር። በለገጣፎ በኩል ያለው ጠርዝ ነጣ እንጂ ፀሐይ አልታየችም። ቆሙ። ብርድ መታቸው። ቄሱ ድርሳን የሚያነቡ ይመስል በከንፈራቸው አንዳች ይሉ ነበር። ከዚያ ደመናው እንደ አሮጌ ጨርቅ ድንገት ተተረተረና ፀሐይ ብቅ አለች።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች ሄሊና። "መጀመሪያ እርስዎ! የዓመት ልፋትዎ ነው፤ ይምጡ!"

ሣባ ከኋላ ጎሰመቻቸው። ጋሽ ገብረዋሕድ አፋቸውን ከፈቱ።

"ኧረ በስመ አብ! እንግዶች እያሉ?"

የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው። ሣባ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እሺ" አለች ሄሊና። "እንግዶች ይቅደሙ።"

አቶ በዳሳ ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባታችን፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"እናት ቆመው? አይደረግም።"

"እኔ ዓይኔ ፈዟል" አሉ እማማ ዓለሚቱ፤ "ልጆቹ ይዩ።"

"እንግዲያው ዳኛው ይቅደም።"

"አባታችን፣ በሞቴ!"

"በዛሬው ባለወልድ ይዤሃለሁ!"

አንዱ የሌላውን እጅጌ ይዞ ወደ ቴሌስኮፑ ይገፋል፤ የተገፋው መልሶ ይገፋል። ሄሊና "ፀሐይዋ ከቴሌስኮፑ ወጣችብን፣ ፕሊስ!" ትላለች፤ ታስተካክላለች፤ እነሱ ሲማማሉ እንደገና ትወጣለች። ጋሽ ገብረዋሕድ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነትን ከውጭ ሆነው ተመለከቱት፤ እንዲህ ይመስል ኖሯል።

በመጨረሻ እማማ ዓለሚቱ ተናደዱ። "ዞር በሉ እስቲ፤ ሰው ለማየት ይህን ያህል ይጣላል?" ብለው በምርኩዛቸው መንገድ ከፈቱና ዓይናቸውን ደገኑ። 

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ዝንብ አርፋባታለች እኮ! እሽ በሏት!"

"እሷ ናት እማማ! ቬነስ ናት!" አለች ሄሊና እየሳቀች።

እማማ ዓለሚቱ ገለል ሲሉ አቶ በዳሳና ቄሱ እንደ አዲስ ተያያዙ። ደመናው ደግሞ በሰሜን በኩል እየተንፏቀቀ መጣ። ጋሽ ገብረዋሕድ ደመናውን አዩ፤ የተቆላለፉትን እጅጌዎች አዩ፤ ደመናውን አዩ። ያን ጊዜ ሦስት ማታ ያጠኑት ቃል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከሆዳቸው ፈንቅሎ ወጣ።

"እሺ!!"

ሁሉም ዞሩ። "ምን አሉ?" አሉ ቄሱ።

"እሺ፣ አያለሁ" አሉ ጋሽ ገብረዋሕድ፤ በቄሱና በዳኛው ክንድ ሥር ጎንበስ ብለው ሾለኩ። ባርኔጣቸው ወደቀ። ዓይናቸው ደረሰ።

ብርቱካናማ ክብ ነበረች፤ ጠርዟ በጠዋቱ አየር እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከጠርዟ ገባ ብሎ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ፍጹም ክብ፣ በመርፌ የተበሳች ይመስል። ማንም ያልሣላት፣ ማንም ያላተማት። ዝም ብላ እዚያ ነበረች።

"ጋሽ ገብረዋሕድ፣ አልበቃዎትም?" አሉ አቶ በዳሳ።

"ትንሽ!"

"ጋሼ፣ አንዴ ይልቀቁኝ ላስተካክለው።"

"እዚሁ ሆኜ አስተካክዪው!"

"ኧረ ለአባታችንም ይድረሳቸው!"

"ትንሽ ብቻ!"

ነጥቧ ደበዘዘች። ብርቱካኑ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ቀና ሲሉ ደመናው ሰማዩን ገጥሞታል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎችም ግንባራቸውን መቷቸው። ሄሊና መሣሪያውን የምታለብስበት ላስቲክ ፍለጋ ሮጠች። ቄሱና አቶ በዳሳ አሁንም እጅጌ ለእጅጌ እንደተያያዙ ቆመዋል። የጋሽ ገብረዋሕድ አንገት እስከ ጆሯቸው ጋለ። እንግዳ ጋብዘው ድግሱን ብቻቸውን በሉት።

"ይቅርታ፣ እኔ..." አሉ።

"ተወው" አለች ሣባ፤ "የስንት ዓመት እሺ ነው በአንዴ የወጣው።"

አቶ በዳሳ ወደ ሰማዩ ቀና ብለው ቆዩ። "ለመሆኑ እንዴት ናት?"

ጋሽ ገብረዋሕድ ብዙ ሊሉ አስበው ነበር። "ትንሽ ናት፣ ዳኛ" አሉ። "ትንሽ ናት፤ ግን አለች።"

"ተመልሳ የምትመጣው መቼ ነው?"

"ከመቶ አምስት ዓመት በኋላ።"

አቶ በዳሳ ነገሩን ለዕድር እንደቀረበ ጉዳይ መዘኑት። "መልካም። ያን ጊዜ ቀዳሚው እኔ ነኝ።"

"ይቅደሙ።"

"አባታችን ይመስክሩ እንግዲህ" ብለው ወደ ቄሱ ሲዞሩ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ይሉኝታ ያዛቸው። "ኧረ ምን ነካኝ፣ እርስዎ እያሉ! ያን ጊዜ እርስዎ ነዎት የሚቀድሙት።"

"አይደረግም፤ አንተ ነህ።"

"በሞቴ!"

"ያን ጊዜ ሞተው አይደለም እንዴ የሚገኙት?" አለች ሣባ። "ምን ቀርቶዎት ነው የሚምሉበት?"

የእማማ ዓለሚቱ ሳቅ እስከ መንገዱ ተሰማ። ሁለቱ ግን ደረጃው አፍ ላይ ደርሰው፣ ዝናቡ እየደበደባቸው፣ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ ሌላ ክርክር ጀመሩ። ጋሽ ገብረዋሕድ ባርኔጣቸውን አንሥተው አራገፉና፣ ለማንም "ይቅደሙ" ሳይሉ በመካከላቸው አልፈው ወረዱ።