ሁለት ዓይን ወይስ አንድ

ከናዝሬት የወጣሁበት ምሽት ነፋስ ነበር። ናዝሬትን የምታውቁ ነፋሷንም ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን ከመንገድ አንሥቶ ሰው ፊት ላይ ይበትናል እንጂ ዝናብ አምጥቶ አያውቅም። ቶሎሳ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ እከተለዋለሁ። ቶሎሳ ሞጆ ላይ የጭነት መኪናዎችን ጀርባ የሚያስጌጥ፣ ናዝሬት ላይ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሠዓሊ ነው። ማንም ቢጠይቀን ባልና ሚስት ነን፣ ድሬዳዋ ዘመድ ሞቶባት ልሸኛት ነው እንዲል ተስማምተን ነበር።

«ቲቸር፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይሮጥም» አለኝ።

«የምትሮጠው አንተ ነህ።»

«እኔማ ሻንጣው ከብዶኝ ቶሎ ላራግፈው ብዬ ነው። ምንድን ነው የከተትሽበት? ጥቁር ሰሌዳውን ከነግድግዳው ነቅለሽው መጣሽ እንዴ?»

ባቡሩ ሲመጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ብሩሽ እጄ ላይ አኖረ። የፊደል መጻፊያው ነበር፤ ለማንም የማያውሰው። «ቢቸግርሽ ሰሌዳ ጻፊበት» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ ከእስር ሲወጡ ምን ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ውዬ ነበር፤ ሆኖም ሻንጣዬን ብቻ ከእጁ ተቀብዬ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ለምን እንደወጣሁ ግልጽ እንዲሆን ስለ ማኅበራችን መናገር ይኖርብኛል። በደርግ ዘመን ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ለከተማው ሠዓሊዎች ሰጥቶን ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕይወት ተመርቄ ሁለተኛ ደረጃ የማስተምር ሴት ነኝ፤ ሠዓሊ ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር። ሆኖም ለተማሪዎቼ ቅጠልና ሥር በሰሌዳ ላይ ስስል ያየ አንድ የቀበሌ ሰው «ቅጠል የሚስል እጅ ለአብዮቱም ይስላል» ብሎ መደበኝ። በግዳጅ የገባሁበትን ቤት ወደድኩት። በበዓላት መካከል ትእዛዝ በማይኖርበት ጊዜ እያንዳንዱ የየራሱን ይስል ነበርና።

የእኔ ነገር የዝዋይ ዳርቻ ግራር ነበር፤ እሾሁን አንድ በአንድ ካልሳልኩት ዛፉ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። ቶሎሳ ሐሳቡን ከሾፌሮች ነው የሚያገኘው። «ሾፌር የናፈቀውን ነው የሚያስለኝ» ይላል። «አሰብ የሚመላለሰው ሐይቅ ሳልልኝ ይላል። ሐይቅ አጠገብ ያደገው ደግሞ አንበሳ። ሚስቱን ሳልልኝ ያለኝ አንድም የለም፤ ለምን እንደሆነ እነሱን ጠይቂ።» የኔታ ፈለቀ ግን ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ያረጁ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ሐሳብ ከየት ይመጣልዎታል ሲባሉ «ከጾም» ብለው ወደ ብሩሻቸው ይመለሳሉ። ከሥዕል ሁሉ ዓይን የሚስሉት በመጨረሻ ነው። «ዓይኑን ከሳልኩለት በኋላ ያየኛል፤ ስሕተቴን ሁሉ ሳያየኝ መጨረስ አለብኝ» ይላሉ። ይህ የማኅበሩ ወግ ሆነ፤ ማንኛችንም ዓይን አስቀድመን አንስልም፤ ቶሎሳ እንኳ ለአንበሶቹ።

ለአብዮት በዓል የሦስቱን ጢማም ሰዎች ሥዕል በትልቅ አቡጀዲ ላይ እንድናወጣ ታዘዝን። እነማን እንደሆኑ መንገር አያስፈልገኝም፤ በየአደባባዩ አብረውን ኖረዋል። የተሰጠን ናሙና ሦስቱንም ከጎን ያሳያል፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ሥራውን ተከፋፈልን። እኔ ናሙናውን በአራት ማዕዘን መስመር ከፋፍዬ በአቡጀዲው ላይ አሳደግሁት፤ አንድ ጢም እንኳ አላዛነፍኩም። ቶሎሳ መደቡን ቀይ ቀባ፣ መፈክሩን ጻፈ። ፊቱ የየኔታ ድርሻ ነበር።

ሥራው አለቀ በተባለ ማለዳ ስገባ ሦስቱ ሰዎች ወደ እኔ ያያሉ። የኔታ የእኔን መስመር ሁሉ ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረውታል፤ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ልክ እንደ ቅዱሳኑ። የቀበሌው ሹም ጓድ ታምራት ከኋላዬ ገባ።

«የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሦስቱ ሰዎች ናቸው፣ ልጄ።»

«ጓድ ነው የሚባለው።»

«ጓድ ልጄ።»

«ናሙናው ላይ እኮ ወደ ጎን ነው የሚያዩት።»

«ወደ ጎን ያየ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚወጣለት። አንድ ዓይን የምስለው ደግሞ ለሰይጣንና ለይሁዳ ነው። ጠላቶቻችሁ ከሆኑ ንገረኝና አሁኑኑ አንዳንዱን ላጥፋላችሁ።»

ቶሎሳ የቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንደሚፈልግ እንጃ፣ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓድ ታምራት በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ ሰው ነው ይባላል፤ ስለዚህ ነገሩ ገብቶታል። ሥዕሉን አየ፣ በሩን አየ።

«አንድ ዓይን ይሁን አላልኩም» አለ።

«እንግዲያስ ሁለቱ ይጽና?»

«ሁለትም አላልኩም።»

አቡጀዲው ተጠቅልሎ ወደ ላይ ወደሚመለከተው ሄደ። በማግስቱ የኔታም ለጥያቄ ተብለው ተወሰዱ፤ ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ጓድ ታምራት ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሳበልኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። መስመሩን በትክክል እንዳሰመርሽ አይተናል። ሰኞ ቀርበሽ አንድ ቃል ትሰጫለሽ። ሽማግሌው ይህን ያደረጉት ለማክበር ነው ወይስ ለመሳለቅ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም የሚባል ቃል የለንም።»

አለማወቄ ግን እውነት ነበር። ለማክበር ነው ብዬ ልምል እችል ነበር፤ ወግ ነውና። ነገር ግን ከዚያ በፊት የኔታ ታመው ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ ከአልጋቸው ራስጌ አንዲት ሴት በትንሽ ጣውላ ላይ ተስላ አይቻለሁ፤ ከጎን፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ከዚያ በኋላም ያላየሁት ዓይነት ውብ ሥዕል። «ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና» አሉኝ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ሚስታቸውን ይጠሉ ነበር ማለት አልችልም። ታዲያ አንድ ዓይን የሰይጣን ብቻ ካልሆነ ለጓድ ታምራት የነገሩት ምን ነበር? ፊት ለፊት ቆመው ሲሳለቁበት ነበር? ወይስ ለሚስታቸው ሌላ፣ ለተቀረው ዓለም ሌላ ሕግ ነበራቸው? ነገሩን በሁሉም አቅጣጫ አገላበጥኩት፤ እንደ ቅጠል በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ አልተገለጠልኝም። የማላውቀውን ምዬ በሰው ላይ ማስፈረድም፣ ምዬ ማስፈታትም አቃተኝ።

ለቶሎሳ ነገርኩት። ብዙ አላሰበም። «አንቺ ከሌለሽ ቃል የለም። ቃል ከሌለ ጉዳዩን ምን ላይ ይሰቅሉታል? ሂጂ» አለኝ። ትክክል ይሁን አይሁን የምመረምርበት ጊዜ አልነበረኝም።

ድሬዳዋ ላይ ከኮንትሮባንድ ሴቶች ጋር ተቀላቀልኩ። እነርሱ በጨርቅና በሲጋራ ሲነግዱ ድንበሩን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል፤ በእኔ ጫማ ግን ስቀውብኝ አያባሩም ነበር። «እህቴ፣ በዚህ ተረከዝ ቢሮ ነው የምትገቢው ወይስ ጅቡቲ?» አለችኝ አንዷ። ድንበሩን ተሻግሬ አሊ ሳቢየህ የደረስኩት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው።

ጅቡቲ ስደርስ በሙቀት ረገድ እንግዳ አልሆንም ብዬ ነበር፤ ከስምጥ ሸለቆ መጥቼ! የእኛ ሙቀት ግን ማታ ላይ ሰው ይለቃል፤ ይሄኛው አብሮ ይተኛል። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ሽሮው በዚያ ውሃ ሲሠራ ጨው የጨመርኩበት እየመሰለኝ በየጊዜው ራሴን እጠረጥራለሁ። የመቂ ቲማቲም አማረኝ ብል ማን ያምነኛል? እዚያ ሳለሁ ዞሬ አይቼው አላውቅም።

የስደተኞች ቢሮ ስቀርብ ሹሙ ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ የሚያስተረጉመው ከድር የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነው።

«ማዳም፣ ለምን ወጣሽ?»

«ሥዕል ስለተሳለ።»

«ምን የሚያሳይ ሥዕል?»

«ሦስት ሰዎች።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ምንም። ያያሉ።»

«ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው።»

ከድር አልተረጎመም። ወደ እኔ ዞሮ «አቦ እህቴ፣ እንዲሁ ልበለው?» አለኝ። እንዲሁ በለው አልኩት። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስንት ሊኖራቸው ይገባ ነበር?»

«አንድ አንድ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «በእናንተ አገር ሰው ስንት ዓይን እንደሚኖረው የሚወስነው መንግሥት ነው?»

ከድር እኔን ሳይጠይቅ «ዊ፣ መሲዩ» ብሎ መለሰለት። ሹሙ ጥቂት አሰበና «ፖሊቲክ» ብሎ ጻፈ። እኔ ለራሴ ማስረዳት ያቃተኝ ነገር በአንድ ቃል አለቀ፤ ማልቀስም መሳቅም ቃጣኝ፣ የቱን እንደማስቀድም ሳላውቅ የስደተኛ መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

የተከራየሁት የእማማ ሐሊማን ሰገነት ነው። እማማ ሐሊማ ቤተሰቧ ከየመን የመጣ፣ እርሷ ግን ድሬዳዋ ያደገች አሮጊት ነች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሠዓሊ መሆኔን ስትሰማ ለልጇ የዓሣ ሱቅ ሰሌዳ አሠራችኝ። የቶሎሳን ብሩሽ ከጋዜጣው የፈታሁት ያን ጊዜ ነው።

«ዓሣ ሳይበት። ዓይኑን ግን ተይው» አለች።

«ዓይን የሌለው ዓሣ ዕውር ይመስላል እኮ፣ እማማ።»

«ለመጥበሻ የተዘጋጀ ዓሣ ምን ሊያይበት ነው? ነፍስ ያለው ነገር በቤቴ አትሳይ። በመጨረሻው ቀን ነፍሱንም ስጪው ብትባዪ ከየት ልታመጪ ነው?»

ናዝሬት ላይ ሁለት በዛ ተባልን፤ እዚህ አንዱም በዛ። በብዙ ድርድር ጭንቅላቱን ቅርጫት ውስጥ የከተተ ዓሣ ሳልኩላት። ደንበኞች «የተሰደደ ነው፣ ተደብቆ ነው» እያሉ ይስቁበታል፤ ሱቁም በእርሱ ታወቀ። የኔታ ቢያገኟት ስለ ዓይን ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ የሚዋደዱ ይመስለኛል። ብሩሹን በያዝኩ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፤ ሽማግሌው ያለ ቃሌ ወጥተዋል ወይስ ያለ ቃሌ ቀርተዋል?

መልሱ የመጣው በስልክ ነው። ከማኅበራችን ጎን ያለ መድኃኒት ቤት ስልክ ነበረው፤ ከኮንትሮባንድ ሴቶቹ በአንዷ መልእክት ልኬ ቶሎሳ እሑድ ከሰዓት እዚያ እንዲጠብቀኝ አደረግሁ። መስመሩን ሌላ ጆሮ እንደሚሰማው ሁለታችንም ስለምናውቅ እንደ ቤተ ዘመድ ነው የተነጋገርነው።

«አካም ጂርታ፣ ቲቸር? በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ። አጎቴ እንዴት ናቸው?»

«ኤዬ፣ አጎትሽ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሐኪሞቹ በሽታው ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ሰነበቱ ሰነበቱና ለቀቋቸው። ቀጭነዋል። ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው።»

የኔታ ያለ ቃሌ ተፈትተዋል ማለት ነው። ከመጠየቄ በፊት ቀጠለ፤ «ሦስቱ ሽማግሌዎችም ደኅና ናቸው። የሚፈልጋቸው ጠፍቶ መቂ ወረዱ። አንድ ደላላ ሽንኩርት ያስጠብቃቸዋል፤ ቀን ከሌት በጀርባቸው ተኝተው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። በሁለት ዓይን።»

አቡጀዲው የሽንኩርት መሸፈኛ ሆኗል ማለቱ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያልሳቅሁትን ሳቅ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የፈለግሁትን የጠየቅሁት።

«ስለ እኔ ምን አሉ?»

ከበስተጀርባው የናዝሬት ነፋስ የመድኃኒት ቤቱን በር ሲያማታ ይሰማኛል።

«አጎትሽ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ሁላችንንም እየሳሉን ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔን ሥለዋል፤ ሁለት ዓይን ሰጥተውኛል፣ ትንሽ ያበጠ። ያንቺም ነጠላ አለ፣ እርሳስ የያዘው እጅሽ አለ፣ ከኋላሽ ግራርሽ አለ፤ እሾሁን ሳይቀር።»

«ፊቴስ?»

«ፊቱን ባዶ ትተውታል። ይጨርሱት እንጂ ብላቸው፣ ስትወጣ ወደ የት ታይ እንደነበር ትምጣና ትንገረኝ፣ ካላወቅሁ ዓይኑን የት ላድርገው አሉ።» እንደዚያን ምሽት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቲቸር? ምን ልበላቸው?»