ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ

የመቱ መናኸሪያ ወደ ከተማው ዳር እንዲወጣ ሲታሰብ ንድፉን የመሥራቱ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነበር። አርክቴክቸር ተምሬ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም፤ እጄ ዕረፍት አያውቅም። ምሳ አዝዤ እስኪመጣ እንኳ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰምር ነበር። የጣሪያውን የዝናብ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት የሚያጠራቅም ታንከር፣ የሶላር መብራት፣ የመኪኖችን መነሻ ሰዓት የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አስገባሁ። ከሥዕሉ አናት ላይ «ዘመናዊ፣ ዘላቂ፣ ሰውን ያማከለ» ብዬ ጻፍኩ።

ነዋሪው እንዲወያይበት የተጠራ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ታላቅ እህቴም ከያዮ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። አዋላጅ ነርስ ነች፤ አምቡላንስ ሲጠፋ ምጥ የጠናባትን ሴት በሚኒባስ ይዛ ወደ መቱ ትመጣለች። ገለጻዬን ስጨርስ እጇን አወጣች።

«አሁን መናኸሪያ ከወረድን ሆስፒታሉ ቅርብ ነው» አለች። «ከዳር ሲሆን ግን ዳገቱ አለ። ባጃጅ ባይገኝ ምጥ የያዛት ሴት በእግሯ ልትወጣው ነው? ሰውን ያማከለ ያላችሁት የትኛውን ሰው ነው?»

«ያላችሁት» አለችኝ፣ እንደ ባዳ።

መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት ተነሱ። «ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ያለውስ ቢሆን ለሰው ይመቻል እንዴ? ክረምት ከገባ ጭቃው ሰው ይጥላል። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ስንቴ ልጅ ጎትተን አድነናል። ይውጣ ባይ ነኝ።»

ተጨበጨበላቸው። ለእኔ ንድፍ ድጋፍ ነበር፤ እኔ ግን ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ስንወጣ እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ና» አለችኝ።

«ወዴት?»

«አንተ መናኸሪያ ወደምትሠራበት።»

በባጃጅ ሄደን ቦታው ላይ ወረድንና ወደ ሆስፒታሉ በእግር መሄድ ጀመርን። ወገቧን ይዛ፣ ልክ ምጥ እንደያዛት ሴት ትራመዳለች። እኔ እየቀደምኩ እመለሳለሁ።

«ሱታ፣ ቀስ በል» አለችኝ። «ምጡ ሲመጣ ትቆማለች። ስትቆም የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች።»

ቆመች። እኔም ዙሪያዬን አየሁ። በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው እሾሃማ ሽቦ ነበር። ስንነሣ የጀመረው ካፊያ ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ የምንጠለልበት ጣሪያ ሳናገኝ ዳገቱን ጨረስነው።

«መናኸሪያው አይውጣ አላልኩም» አለች ጸጉሯን እየጠረገች። «ባለሱቁ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን መንገዱም የንድፍህ አካል ይሁን።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፌ ተዛባ። የያዮ ሚኒባሶች ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው እንዲያወርዱ ጠየቅኩ፤ መንገዱ ይጨናነቃል ተብሎ ቀረ። በዳገቱ ላይ ጣሪያና መቀመጫ፣ የእጅ መደገፊያም ያላቸው ማረፊያዎች ሳልኩ። «መናኸሪያ ሥራ ተባልክ እንጂ መንገድ መች ተባልክ?» አለኝ አለቃዬ። ተከራከርን፣ ተኳረፍን፣ እንደገና ተቀመጥን። በመጨረሻ የጠየቅኩት ሁሉ ባይሆንም ጥቂቶቹ ተፈቀዱ።

መናኸሪያው ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። የኮራሁበት ስክሪን ብዙ ሳይቆይ ጨለመ፤ ሰዉም እንደ ድሮው የረዳቱን ጥሪ ይሰማል። እህቴ «ጨረቃ ልትሰቅል ነው?» ብላ ያላገጠችባቸው የሶላር መብራቶች ግን እስካሁን ይበራሉ። «አምቻቸው ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «አሁን ሲመሽ ስንወርድ የምንረግጠው ይታየናል።»

ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆች በቆሙበት ሰሞን አንድ ጠዋት ስልክ ደወለች። ከያዮ ያመጣቻት ሴት ዳገቱን በእግሯ ወጥታዋለች። ማረፊያው ውስጥ መደገፊያውን ጨብጣ ምጡን አሳልፋ፣ ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች።

«እሰይ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ትሰማኛለህ?» አለችኝ። «መቀመጫው ግን ጠባብ ነው። እሷ ስትቀመጥ እኔ ውጭ ቆሜ ዝናብ ነው የደበደበኝ።»

ሜትር ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። መቀመጫውን ለካሁ፤ እውነትም ጠባብ ነው። እዚያው ተቀምጬ ስለ ማስፋቱ ሳስብ ዝናብ ጀመረ፤ ነፋሱ እየገፋ ከጣሪያው ሥር አስገባውና ጉልበቴን አራሰኝ። ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። ዘንቢል የተሸከሙ እናት ሊጠለሉ ሲገቡ ተነሥቼ አስቀመጥኳቸውና ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚገባ ለማየት ማረፊያውን መዞር ጀመርኩ።