ሳይሄድ ያላበው ላፕቶፕ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ብዙ ነው፤ የኔም ነገር እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። የማልረሳው ሱቁ ውስጥ ያደረግሁትን ነው።

የምኖረው እንጅባራ ነው። ቤተሰቦቼ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ፣ ለራሴ ደግሞ ግጥም እየሞነጫጨርኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ጥር ሲቃረብ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ ሰው፣ "የራስህ ላፕቶፕ ይኑርህ እንጂ ጾም እስኪገባ ያሉትን ሠርጎች አንተ ታቀናብራለህ" አለኝ። ከትየባ የምወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ለአባቴ ነገርኩት። የቤቱን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሊለውጥበት ያቆየው የዲከረንስ ዛፍ ነበረው። ለከሰል አክሳዮች ሸጠው። "ሥራ ከሆነ ቆርቆሮው ይቆያል" አለ። ሥራ ነው አልኩት። ጓደኛዬ ቤት እየሄድኩ የምጫወተውን የኳስ ጌም በራሴ ላፕቶፕ ለመጫወት እንደቋመጥኩ ግን አልነገርኩትም።

ስለ ላፕቶፕ ሳነብ ሰንብቻለሁ። በያዝነው ብር ሁሉም ነገር እንደማይሟላ አውቅ ነበር። ራሙ ሲበዛ ግራፊክስ ካርዱ ይቀራል፤ ግራፊክሱ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ያረጃል። አንዱን መምረጥ የግድ ነው።

ዳንግላ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጡበት ሱቅ መኖሩን ሰምቼ ልሄድ ስል አባቴ "አብሬህ ልምጣ" አለኝ። አባቴ ፈረስ አዋቂ ነው። በእኛ አካባቢ ፈረስ የሚገዛ ሰው እሱን ሳያስከትል ገበያ አይወጣም። ላፕቶፕ ላይ ምን ሊያደርግልኝ ነው ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ባለሱቁ ሁለት ላፕቶፖች አቀረበልን። አንዱ ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ አሥራ ስድስት ጊጋ፣ ፕሮሰሰሩ ደህና፣ ኤስኤስዲውም አዲስ ነው። ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። የሌላኛው ራም የዚያ ግማሽ ነው። ግን ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ቁልፎቹም ከሥር ቀይ ያበራሉ።

"ለሥራ ከሆነ ይሄ የቢሮው ይሻልሃል። ለጌም ከሆነ ያኛው" አለኝ ባለሱቁ።

አባቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ጌም የሚለውን ቃል አያውቀውም።

"ያኛው" አልኩ።

አባቴ ተጠጋና መዳፉን ከላፕቶፑ ሥር አስገብቶ ትንሽ አቆየው። የፈረስ ሽንጥ ሲዳብስ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ በቋንቋችን በአውኚ፣ በለሆሳስ፣ "ይሄኛው ገና ሳይሄድ አልቦታል። ያንን እየው" አለኝ።

የከተማ ሱቅ ስንገባ የእኛ ሰዎች ልማድ ይህ ነው። ባለቤቱ ፊት ዕቃውን አያጣጥሉበትም፤ እርስ በርስ በቋንቋቸው ተመካክረው ይወስናሉ። ሻጩም አያፍርም፣ ገዢውም አይታለልም።

እኔ ግን ጮክ ብዬ በአማርኛ ለባለሱቁ ተረጎምኩለት። "አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሳይሄድ አልቦታል!"

ባለሱቁ ሳቀ። ቻርጀር ሊገዙ የቆሙ ሁለት ወጣቶችም ሳቁ። አንደኛው፣ "ኮርቻውስ አብሮ ነው የሚሸጠው?" አለ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እንደዚያ ያለ አንድ ስንኝ ለመጻፍ ስንት ቀን የምለፋ ሰው፣ የአባቴን አባባል ለማላውቃቸው ሰዎች መሳቂያ አድርጌ ሰጠሁት።

አባቴም ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ከላፕቶፑ ሥር አውጥቶ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም። ሳቁን ሲጨርስ በርጩማ አቀረበ። "አባባ እውነታቸውን ነው፣ ይሞቃል። ይቀመጡ አባባ፤ ከባድ ቪዲዮ እንክፈትበትና አንድ ሰዓት ይሥራ፣ እዚሁ እንየው" አለ።

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ወጣቶቹን አየሁ።

"አያስፈልግም፣ አውቀዋለሁ። ጠቅልለው" አልኩ።

የመጀመሪያውን ሠርግ ቆራርጬ፣ ዘፈን አስገብቼ ጨረስኩ። ቪዲዮውን አጠቃሎ እንዲያወጣልኝ ሳዘው ላፕቶፑ ጥቂት ደቂቃ ጮኸና ድርግም አለ። እንደገና አስነሳሁት፣ እንደገና ጠፋ። ከሥሩ ጡብ አደረግሁለት፣ መስኮት ከፈትኩለት። የጥር ብርድ እንኳ አላበረደውም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን የሙሽራው ወንድም ደውሎ ቀራጩን ሰደበው። ቀራጩም ሠርጎቹን ሁሉ ለሌላ ሰው ሰጠ።

እዚሁ እንጅባራ፣ ቆሰበር ያለ አንድ ጠጋኝ ላፕቶፑን ፈታታው። "ግራፊክሱ ቀድሞ ተበላሽቶ፣ በሙቀት ተነካክቶ ለጊዜው እንዲሠራ የተደረገ ነው። ግራፊክሱን እዘጋልሃለሁ፤ ከዚያ ጽሑፍ ጻፍበት፣ ሌላ ነገር አትጠይቀው" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ስትገዛው አይግልም ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

ለአባቴ ሳልነግረው ጾም ገባ። አንድ የገበያ ቀን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመና፣ "እስቲ ከሠራሃቸው ሠርጎች አንዱን አሳየኝ" አለኝ። መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ለጨዋታ ብዬ እንደመረጥኩትም ጭምር። መሬት መሬቱን እያየ አዳመጠኝ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ከሰው ፊት አሳፈርኩህ። ለዚያ ነው የቸኮልከው። እኔ ውጭ ብቆም ኖሮ ረጋ ብለህ ትመርጥ ነበር።"

አይደለም ልለው አፌን ስከፍት አንድ ደንበኛ ወረቀት ይዞ በመሀላችን ገባ። አባቴ "ሥራህን ሥራ" ብሎኝ ወደ ገበያው ሄደ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በአማርኛ እንደነበር የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም። አማርኛው ለገበያና ለቀበሌ ጉዳይ የምትበቃ ናት፤ መሀል ላይ ቃል ይጠፋበታል። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማ በመጣ ቁጥር በሰው ፊት የሚያናግረኝ በእሷ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ አሁንም አለኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው። ቤታችን ዛሬም ሣር ክዳን ነው። አንድ ቀን ሠርቼ ቆርቆሮውን እገዛለሁ ብዬ አስባለሁ። ሱቅ ውስጥ ሰው እንዲስቅበት ያወጣሁትን ቃሉን ግን በምን እንደምመልሰው አላውቅም፤ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር "ምን አጠፋህና!" ብሎ ይዘጋብኛል።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወለልኝ። ማተሚያ ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአውኚ ሰላም አልኩት።

እሱ በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ "ምነው፣ አጠገብህ ሰው የለም?" አለኝ።

"ሞልቷል" አልኩት፣ በአውኚ።

እሱ ግን በአማርኛው ቀጠለ።