አንገቷ ላይ ያጠለቅሁት ጣውላ

ቡታጅራ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። እንደ «ሴይ» እና «ቴል» ግን የሚያደክመኝ ትምህርት የለም። ልጆቹ «ሴይ ሚ» ይላሉ፤ እሱን ሳቃና «ቴል ቱ ሚ» ብለው ያርፋሉ። «ሴይ የሚባለውን ነገር ካገኘች ይበቃታል፤ ሰሚውን ለመጥራት ቱ ጨምሩላት። ቴል ግን ወዲያው ሰሚዋን ትፈልጋለች» እላቸዋለሁ። ይህን ስናገር ዓይኔ ሳላዘው ወደ ሦስተኛው ዴስክ ይሄዳል።

ያኔ አጉል ኩራት ነበረብኝ። በእኔ ክፍለ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ሌላ ክልክል ነው። አማርኛ ወይም ጉራግኛ ያመለጠው ተማሪ በሲባጎ የታሰረች ትንሽ ጣውላ አንገቱ ላይ አጠልቅለታለሁ፤ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝ ቆሞ ይጠብቃል። ወልቂጤ ስማር እኔም ተሸክሜያታለሁ። እንዴት እንዳቃጠለችኝ መርሳቴ ዛሬ ድረስ ይገርመኛል።

ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከቅርባችን ካለችው ከቆሼ ከተማ በኩል መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን በ«ቴል» ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስል፣ እጇን አውጥታ የማታውቀው ልጅ አወጣች።

«አይ ዎንት ቴል…» ብላ ቆም አለች። ቀጥላ በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። «ኢን ኢንግሊሽ!» አልኩና ጣውላዋን አጠለቅሁላት። የዚያን ቀን ሌላ ማንም አልተሳሳተም፤ ደወል እስኪደወል ቆመች። ሲደወል ጣውላዋን አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወጣች።

ሦስት ቀን ስትቀር ወደ ተከራየችበት ቤት ሄድኩ። አከራይዋ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«መምህር፣ ወላሂ እኔም ከፍቶኛል» አሉ። «አጎቷ ከደላላ ጋር መጥቶ ወሰዳት። ዕድሜዋን አስጨምረው ዐረብ አገር ሊልኳት ነው። ‹መምህሬ ሽማግሌ ሆነው ቢያነጋግሩት ይተወኛል፣ አጎቴ አስተማሪ ያከብራል› ስትል ነበር። አልነገረችዎትም እንዴ?»

«አልነገረችኝም» አልኩ። ወሬ ከሰሙ እንዲደውሉልኝ፣ እሷም ከደወለች እንዲሰጧት ስልክ ቁጥሬን ጽፌላቸው ወጣሁ። በማግስቱ ቆሼ ድረስ ሄድኩ። ከአንድ ቀን በፊት በርራለች አሉኝ።

ሕጉን ተውኩት። ጣውላዋን ግን መጣል አቃተኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ጠመኔ ስፈልግ እጄ ሲነካት እደነግጣለሁ። አንዳንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሦስተኛው ዴስክ ጋ አንድ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ፈሪ ሰው አልነበርኩም፤ አሁን ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልወድም።

ባለፈው ሰኔ በእረፍት ሰዓት ከውጭ አገር ቁጥር ተደወለልኝ። «ሄሎ» አልኩ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«አንቺ ነሽ? በፈለግሽው ቋንቋ ንገሪኝ። እየሰማሁሽ ነው» አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም። ምናልባት የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ስገባም ስልኬን አልዘጋም።