ደሙ የማይናገረው

አክስቴ ማንም ሰው አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኖ ሲነግራቸው «በምን አወቅህ?» ሳይሉ አይቀበሉም ነበር። ይህን ያመጡት አንድ ልጃቸው ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ በጩቤ ከተገደለ ወዲህ ነው። አንገቱና ደረቱ ላይ በተደጋጋሚ ስለተወጋ የለበሰው ነጭ ሹራብ ነጭ ቦታ አልቀረውም ነበር።

የተከሰሰው የሟቹ የቅርብ ጓደኛ ነበር። ፍርድ ቤት የቀረበችው የምርመራ ባለሙያ፣ የተከሳሹ ጃኬት ላይ የተገኘው ደም የሟቹ መሆኑን በዲኤንኤ አረጋገጠች። ጠበቃው «ደሙ እንዴት እንደነካው ምርመራው ያሳያል?» ሲላት ግን «አያሳይም። ሲወጋውም፣ ከወደቀበት ሲያነሳውም ሊነካው ይችላል» አለች። ወጣቱም ከመጀመሪያው «ላነሳው ስል ነው» ብሎ ነበር። ሌላ ማስረጃ ስላልተገኘ በነፃ ተለቀቀ።

የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ወንድሜ ዘሎ ወጣቱን አነቀው። ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨው የወጣቱ አፍ በደም ተሞላ። አክስቴ መሃላቸው ገብተው የወንድሜን እጅ ነክሰው አስለቀቁት።

«እትዬ፣ ልጅዎን ለገደለው ያዝናሉ?» ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

«በምን አወቅህ?» አሉት። «እሱ ቢሆንልኝ በወደድኩ፤ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ግን አላውቅም። አንተም አታውቅም።»

ገዳዩ ሳይታወቅ እሳቸው ባለፈው ክረምት አረፉ። ከቀብር መልስ ቤታቸው ተሰብስበን ሳለ ወንድሜ እንደገና «ያ ልጅ ነው የገደለው» አለ። «በምን አወቅህ?» የሚሉት አክስቴ ግን አሁን አልነበሩም።