ሁለት ጠብታ በስኳር

ሚርትል ፓስኮ የባሕር ዛፍ ዘይት የማያድነው በሽታ አለ የሚላትን ሰው ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ለጉንፋን መሐረብ ላይ ጠብ፣ ለሳል ደረት ላይ ማሸት፣ ለሱፍ ሹራብ ማጠቢያው ውስጥ አንድ ክዳን፣ ለወለሉ፣ ለውሻው ቁንጫ፣ ባሏ ሱሪ ላይ ለሚጋገረው ግራሶ ሁሉ እሱ ነው። ባሏ ክላሪ ከከተማው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ቅጠሉን እያጨዱ በእንፋሎት ዘይቱን ከሚያወጡት አንዱ ስለሆነ፣ ዘይቱ ተገዝቶ አይመጣም፤ ከበርሜሉ በአሮጌ የሎሚናት ጠርሙስ ተቀድቶ ይመጣል። እዚያ አገር ይሄ የሁሉም ቤት ልማድ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም የሚጽፍ ቢገኝ መሳቂያ ይሆን ነበር።

ለልጅ ልጇ ለቤቨርሊ ደግሞ በማንኪያ ስኳር ላይ ሁለት ጠብታ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ባስነጠሳት ቁጥር ማንኪያዋ ይመጣል።

«ዋጥ! ጎበዝ! ሳታለቅስ የዋጠች የኔ ጀግና!» ትላታለች ሚርትል፤ ልጅቱም ደረቷን ነፍታ ትዞራለች።

የልጅቱ እናት ኖሪን አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ እንደገና ለመነቻት። «እማማ፣ በሞቴ፣ ያንን ጠርሙስ ከፍ አድርገው ያስቀምጡልኝ።»

«አምስት ልጅ አሳድጌበታለሁ፣ ባልሽን ጨምሮ። ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው!»

«ቃል ይግቡልኝ።»

«እሺ ብያለሁ፤ ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል» አለች ሚርትል። ጠርሙሱን ግን ንክች አላደረገችውም። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፤ ማን አሥር ጊዜ ወንበር ላይ ይወጣል?

ሹራቦቹን አጥባ፣ በዚያ የሐምሌ ብርድ ጓሮ አስጥታ ስትመለስ ቤቨርሊ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ተኝታለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሲጠሯት ዓይኗን በግድ ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች። ትስላለችም። ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ትሸታለች፤ ግን በዚያ ቤት የማይሸት ማን አለ? ውሻው እንኳን ይሸታል።

«ጉንፋን ነው፤ ብርዱ መታብኝ» አለችና ማንኪያ አነሳች።

ስኳሩ የለም። ጎንበስ ስትል የስኳሩ ዕቃ ከልጅቱ እግር አጠገብ ተደፍቷል። ጠርሙሱ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ተጋድሟል፤ ወለሉ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንኳን አልፈሰሰችም። ጠዋት ከግማሽ በታች ነበር። አሁን ታቹ ላይ ትንሽ ቀርቶታል። ሚርትል ክው አለች። ወይኔ ጉዴ! እኮ ይሄንኑ ጨምሬ ላጠጣት ነበር!

ልጅቱን በአንድ እጇ አቅፋ ስልኩን አነሳች። የከተማዋ ትንሽ ሆስፒታል ነርስ ሲስተር ኦልዊን አነሳችላት።

«ቤቨርሊ ያን ዘይት ቀመሰችብኝ፤ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል።»

«ስንት ጠጣች?»

ያ የስልክ መስመር የስድስት ቤት የጋራ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው አንስቶ መስማት ይችላል። ጎረቤቷ ቬራ ኪቶ ጆሮዋን ደቅና እንደምትሰማ ሚርትል ታውቃለች፤ እስትንፋሷ ይሰማል። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ዘይት የመከረችው፣ ያሾፈችበት፣ የተከራከረችው ሰው ሁሉ እስከ ማታ ይሰማል። ኖሪንም ትሰማለች።

«ጠብታ ነው… ሁለት ሦስት ጠብታ።»

«እሱማ ብዙ አያሰጋም። ድካሙ ከብርዱ ይሆናል፤ አስተኚያትና እያየሻት ቆዪ» አለች ሲስተር። ድምፅዋ ረጋ አለ።

ሚርትል ስልኩን አልዘጋችም። ቤቨርሊ ክንዷ ላይ ጭልጥ ብላለች፤ አንገቷ አልጸና ብሏል። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ስሟ ታስብ ነበር! ራሷን ጠላችው።

«ሲስተር፣ ዋሸሁሽ!» ብላ ጮኸች። «ጠብታ አይደለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢያንስ ጠጥታለች። ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ ብዬ አላስቀመጥኩም። የኔ ጥፋት ነው! የጨው ውሃ ላጠጣትና ላስመልሳት?»

«እንዳታደርጊው! ወደ ሳንባዋ ይገባል። በጎኗ አድርገሽ አሁኑኑ አምጫት። መኪና አለሽ?»

«ክላሪ ይዞት ጫካ ሄዷል።»

ያኔ የቬራ ድምፅ ገባ። «ቁልፉን ይዣለሁ፤ መጣሁ። በሩ ላይ ጠብቂኝ!»

ሚርትል ቬራን የሰው ስልክ ሌባ ነበር የምትላት። አሁን ልጅቱን አቅፋ የቬራ መኪና ውስጥ ገባች። ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ የልጅቱ እጅና እግር ይንዘፈዘፍ ጀመር።

«ፍጠኚ፣ ቬራ! እባክሽ፣ እህቴ!»

«ልበርልሽ እንዴ? እየነዳሁ ነው!» አለች ቬራ፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር።

ሲስተር ደጅ ላይ ተቀበለቻቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ሐኪሙ ከሌላ ከተማ እስኪደርስ ሚርትል አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ባሕር ዛፍ የሚሸተውን የራሷን እጅ እያሸተተች ስትጠላው ዋለች። ኖሪን ስትደርስ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ምን ትንገራት? ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ኖሪንም አልሰደበቻትም፤ አጠገቧ ግን አልተቀመጠችም።

አመሻሽ ላይ «ነቅታለች፤ ግቡ» ተባሉ።

ቤቨርሊ ከንፈሯ ደርቋል፤ ድምፅዋም የሚወጣው በጭንቅ ነው። እናቷን አየት አድርጋ ከኋላዋ የቆመችውን አያቷን ፈለገች።

«አያቴ፣ ሳል ሲይዘኝ ራሴ ዋጥኩት። ብዙ ብዙ ዋጥኩት። ስኳሩ ሲያልቅም ዋጥኩት።»

ሚርትል ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ ትከሻዋን ሸፈነችላት።

«አላለቀስኩም እኮ» አለች ልጅቱ። «ጎበዝ አትይኝም?»

ኖሪን ዞር ብላ ሚርትልን አየቻት። እሷም መልሱን ትጠብቅ ነበር።